የጽጌረዳ መድኃኒት

ሐኪሙ አባቴን «ለኬሚካል ተጋልጠው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ «በጭራሽ» አለ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ በጭራሽ እንደማለት ራሴን ወዘወዝኩ።

ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ያገኘሁትን ነገር አንስቼ መስበር ያምረኛል። አባቴስ ይሁን፣ ዕድሜውን በሽመና ማሽኖች መሀል የጨረሰ መካኒክ ነው። እኔስ? እኔ አቃቂ፣ ከገበያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ነጭ ጋዋን ለብሼ የቆምኩ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ ሰው ማስጠንቀቅ ነው። «ይቺን ከምግብ በኋላ፣ ይቺን ከወተት ጋር እንዳትወስጃት፣ ይሄን ልጅ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጊው» ስል ነው የምውለው። አንዳንዱ ገበያተኛ ገባ ብሎ «የአይጥ መድኃኒት ይኖርሻል?» ሲለኝ «ወንድሜ፣ እዚህ የሰው ብቻ ነው» ብዬ እስቅበታለሁ። የአይጥ መድኃኒት! አይጥ ታሞ የሚያድነው ይመስል። ስንት ዓመት ስስቅ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ቃሉን ቆም ብዬ አላየሁትም።

ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊት» አለ አባቴ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሐኪሙ ጻፈ። አባቴ አልዋሸም። የተጠየቀው ስለሚውጠው መድኃኒት ነው፤ ስለሚረጨው ማንም አልጠየቀውም። ኬሚካል ደግሞ ለእሱ በበርሜል ተጭኖ ፋብሪካ የሚገባ፣ የራስ ቅል የተሳለበት ነገር ነው። ጓሯችን ውስጥ፣ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ፈሳሽ ኬሚካል ነው ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። እናቴ መድኃኒት ትለዋለች፣ ጎረቤት መድኃኒት ይለዋል፣ ሻጩ መድኃኒት ይለዋል፣ ፋርማሲስቷ ልጁም መድኃኒት ትለዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባቴ ግን የደበቀው ነገር የለም። ነገሩን እኛ ባወጣንለት ስም ጠራው እንጂ።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ከማሽን ድምፅ በላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ያልተበላሸ በር ይፈታል፣ ያልላላ ብሎን ያጠብቃል። እናቴ «ይሄ ሰውዬ ሊያሳብደኝ ነው» ብላ ወንድሟ ቤት ሄዳ ሦስት ቀን እንደተቀመጠች አስታውሳለሁ። ታዲያ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው የጽጌረዳ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣለት። አባቴ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከለው። በሁለተኛው ዓመት ግቢያችን ውስጥ መረማመጃ ጠፋ። በቀለም ቆርቆሮ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ ሁሉ ቦታ ጽጌረዳ ነው።

ቤታችን የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም የማይርቅ ነው። ጎረቤቶቻችን ጎመናቸውን በወንዙ ውሃ ያጠጣሉ። አባቴ ግን እሺ አይልም። «ወንዙ መርዝ ነው፣ ለጽጌረዳዬ መርዝ አላጠጣም» ይልና ቧንቧ በመጣ ቀን በርሜል ሞልቶ ያጠራቅማል። እኛ ልብስ ለማጠብ ውሃ ሲያጥረን የጽጌረዳው በርሜል አይነካም። ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው ነበር።

አበባውን አይሸጥም። ሰርግ ላለበት ይሰጣል፣ ለቅሶ ላለበት ይሰጣል፣ ለንግሥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይልካል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያለ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ ጎረቤታችን በበሩ ካለፈች ቆርጦ ያስይዛታል። «ጋሼ፣ አበባ እኮ አያስገቡም» ስትለው «እንግዲያው ለጠባቂው ስጪው፣ ያው እሱም እዚያው ነው የሚውለው» ይላታል። በዚህ ዕድሜው ሰው የሚያስደስትበት ነገር አግኝቷል ብለን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔማ በተለይ።

ጽጌረዳ ጠላቷ ብዙ ነው። ክሽክሽ የሚሉት ትንንሽ አረንጓዴ ተባይ እንቡጧ ላይ ተደርድሮ ይመጣታል። አባቴ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አጠባት፤ ከዚያ አንድ ሰው «መድኃኒት እያለ ምን ያደክምሃል» አለው። ቢጫ የጀርባ ፓምፕ ገዛ፣ ከገበያ መድኃኒት ገዛ፣ ቅዳሜ ጠዋት የመርጨት ቀን ሆነ። ለአንድ ፓምፕ ውሃ ሁለት ክዳን መድኃኒት። የፋብሪካውን አሮጌ ቱታ ይለብሳል። ጓንት የለም፣ ጭምብል የለም። ፓምፑ ከጀርባው ሲያፈስ ቱታው እስከ ወገቡ ይረጥባል። አፈሙዙ ሲደፈን ነቅሎ አፉ ውስጥ ያስገባና በትንፋሹ ይነፋዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቁርሴን እየበላሁ፣ በመስኮት፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሲጨርስ እናቴ ወተት ትሰጠዋለች። የቅዳሜ ወተት ለአባቴ ነው፣ ማንም አይነካውም። ይህ ከፋብሪካው የመጣ ልማድ ነው። አቧራና ማቅለሚያ ለሚነካቸው ሠራተኞች በየቀኑ ወተት ይታደል ነበር። ጭምብል አልተሰጣቸውም፣ የአየር ማስወጫው ተበላሽቶ ዓመት ይቀመጣል፣ ወተቱ ግን አይቀርም። «ወተት ያጥበዋል» ተባሉ፣ አመኑ። ሠላሳ ዓመት ሳንባቸውን በወተት ያጠቡ መስሏቸው ኖሩ። ይህን ያስተማራቸውን ሰው ዛሬ ባገኘው አንድ ሊትር ወተት አናቱ ላይ ብደፋበት ደስ ይለኛል። ወተት ሆድ ነው የሚገባው። ሳንባ አያጥብም፣ ቆዳ ውስጥ የገባውን አያወጣም። አንደኛ ዓመት ተማሪ ከነበርኩ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። አውቄ ግን ብርጭቆውን አቀብለው ነበር። ለምን ዝም እንዳልኩ ስጠይቀው የኖርኩት ራሴን ነው፤ መልሱም አሳፋሪ ነው። አባቴ ወተቱን ጠጥቶ አፉን እየጠረገ «አንቺ መድኃኒት ትሸጫለሽ፣ እኔ መድኃኒት እረጫለሁ፤ የቤታችን ሥራ ማዳን ነው» ሲል ያስቀኝ ነበር። ሳቄን ላለማበላሸት ነው ዝም ያልኩት።

ከዚያ አፍንጫው ጠፋ። መቼ እንደጠፋ በትክክል የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን እናቴ ሽሮ ጥዳ ጎረቤት ገባ ብላ ብትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ድስቱ ከሥሩ ከስሏል፣ አባቴ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ ሬዲዮ ያዳምጣል። «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ሲነድ ዝም ትላለህ?» አለችው። «የቱ ቤት?» አለ። ለአንድ ወር ሳቅንበት። «ሚስትህ ምን ሠራች?» ሲሉት «አልሸተተኝም» ይላል እያሉ ሰፈሩም ሳቀ። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ የአፍንጫ ጠብታ አመጣሁለት። አልሠራም። ሌላ ዓይነት አመጣሁለት። አልሠራም። ተውነው። ዕድሜ ነው ተባለ፤ የፋብሪካው አቧራ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ በፈነዳ ቁጥር ቆርጦ ይዞልኝ ይመጣና «እስቲ አሽትቺልኝ» ይለኛል። አሸትለትና «የዛሬዋ ሎሚ ሎሚ ትላለች» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የተሠራው። ስህተት ስል ለራሴ እየራራሁ ነው።

አባቴ እንደ ማንኛውም የገበያ ሰው ዕቃ የሚፈትነው በአፍንጫው ነው። ቅቤ አሽትቶ ይገዛል፣ በርበሬ አሽትቶ ይገዛል፣ ናፍጣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ከሽታው ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫው ሥር ያዘው። ምንም የለም። ነቀነቀው። ምንም የለም። «ውሃ ነው የሸጠኝ!» ብሎ መጣ። ቅቤ ከሙዝ ጋር በሚደባለቅበት፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር በሚፈጭበት አገር ይህን ለማመን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያ የገበያ ሌባ በአባቴ ሽምግልና ተጫወተ ብዬ ቱግ አልኩ። አባቴ ሽቶ ይሁን ጭስ መለየት ካቆመ ዓመት እንዳለፈው የማውቀው እኔ፣ ጽጌረዳውን የማሸትለት እኔ፣ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም። ንዴት ካለ ማሰብ አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ጋዋኔን እንደለበስኩ አባቴን አስከትዬ ሄድኩ። ሻጩ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ጀሪካኖቹን ደርድሮ ትንንሽ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጠ ይሸጣል። የሚሸጠው ነገር ላይ ጽሑፍ የለም፤ ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ቢሆን በባዕድ ቋንቋ ነው። ጮህኩበት። «ለአባትህ ታላቅ ውሃ ትሸጣለህ? አታፍርም?» ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ የበለጠ ጮህኩ።

«እህቴ፣ ንጹሕ ነው። ምንም አልገባበትም» አለ።

«ምንም ካልገባበት ለምን አይሸትም?»

«አይሸትም? ይኸው፣ ራስሽ አሽትቺው» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ወደ እኔ ዘረጋ።

እጁን ገፋሁት። «አፍንጫዬ ሥር አታምጣብኝ! እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ አንተ ነህ ስለ መድኃኒት የምታስተምረኝ?» አልኩት። ለሚመለከተው አመለክታለሁ፣ ጀሪካንህን ሁሉ አስወርሳለሁ አልኩት። ሰውዬው ፈራ። ከኋላው ሌላ ጠርሙስ አወጣና «በቃ ይሄን ይውሰዱ፣ ጋሼ። ይሄ ጠንካራው ነው። ትንሽ ብቻ ነው የሚደረገው» ብሎ ሰጠው። አባቴ ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ ይዞ ወጣ። እኔም ጀግና ሆኜ ሥራ ገባሁ።

ጠንካራውም ለአባቴ አልሸተተውም። ስለዚህ ሁለቱን ክዳን አራት አደረገው።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አውራ ጣቱ ብቻ ነበር። ከፓምፑ ነው አለ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። ያ ከማሽን በላይ ይሰማ የነበረ ድምፅ፣ አሁን ማዕድ ላይ ተቀምጠን «ምን አልክ?» እያልን እንጠይቀዋለን፣ እሱም በመጠየቃችን ይናደዳል። ሸሚዙን መቆለፍ ረጅም ሥራ ሆነበት። አንድ ቀን ባንክ ሄዶ «ፊርማህ አይመሳሰልም» ብለው መለሱት። ፊርማውን አየሁት። እንደ ጉንዳን ሰልፍ አንሷል። ያኔ ነው፣ ከሻጩ በተጣላሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እያስገደድኩ ወደ ሐኪም የወሰድኩት።

ሐኪሙ አስነሳው፣ አስቀመጠው፣ አስራመደው፣ ጣቱን አስቆጠረው። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ዋዛ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ።

«አባት፣ ሽታ ይሸትዎታል?»

አባቴ ፈገግ አለ። «እሱማ ከጠፋ ቆየ። ጽጌረዳዬን እንኳ ልጄ ናት የምታሸትልኝ። መድኃኒቱ ራሱ አይሸተኝም።»

«የቱ መድኃኒት?»

«የጽጌረዳው ነዋ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ ነው ያየው። ፋርማሲስት መሆኔን ስገባ ነግሬው ነበር። «የሚረጩት ነገር ስሙ ምንድነው?» አለኝ። አላውቅም። «በሳምንት ስንት ጊዜ? ስንት ዓመት? በምን ልብስ?» አንድ በአንድ ነገርኩት። እያንዳንዱ መልስ የራሴ ክስ ሆነ።

ከዚያ ስሙን ነገረን። ፓርኪንሰን። አእምሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚመሩ ህዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ አይመለሱም፣ ማዘግየትና ማስታገስ ግን ይቻላል አለ። የሽታ መጥፋት ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ሊሆን ይችላል አለ።

«ከመርጨቱ ነው?» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል» አለ። አንዳንድ ተባይ ማጥፊያዎች ይህን በሽታ የመያዝ ዕድልን እንደሚጨምሩ ይታወቃል፤ ዕድሜም አለ፣ ዘርም አለ፣ ማንም የማያውቀው ምክንያትም አለ፤ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ሲሆን፣ ልብሱ ረጥቦ ቆዳ ላይ ሲቆይ አደጋው ይበልጣል፤ የእርስዎ አባት ግን በዚህ ምክንያት ነው የታመሙት ብዬ መፈረም አልችልም አለኝ። ትክክል ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ግን «ሊሆን ይችላል» የሚሉት ነገር የሚናደዱበት እንኳ አይሆንም። ነው ቢለኝ የምከሰውን እፈልጋለሁ። አይደለም ቢለኝ እግዚአብሔርን እጠይቃለሁ። ሊሆን ይችላል ሲል ሁሉንም ነገር እኔው ላይ ጥሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ልንወጣ ስንል «መርጨቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር» አለ። «አበባውን ግን አይተዉ፣ አባት። እንቅስቃሴ ያስፈልግዎታል፣ የሚያስደስትዎትን ነገር አይተዉ።»

ታክሲ ውስጥ፣ ሳሪስ ስንደርስ፣ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሊሆን ይችላል ነው እንጂ ነው አላለም እኮ» አለኝ። ደስ ብሎታል። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሌሊቱን የምናገረውን አዘጋጅቼ ነው ያደርኩት። አባቴን ገደልከው ልለው ነበር። ሰውዬው ገና ሲያየኝ አወቀኝ። እጁን አነሳ። «እህቴ፣ ያኔ አሽትቺው ብዬሽ እምቢ አልሽ። ክፉውን አልሰጠሁም፣ ንጹሑን ነው የሰጠሁት» አለኝ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ላደርግ መምጣቴ ያኔ ገባኝ። የመጣሁበትን ስድብ ዋጥኩት። አባቴ የታመመበትን፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ቀይ ዓይኑን በእጁ ጀርባ አሸው፣ በዚያው ሲቀዳበት በነበረው እጁ። «እኔንም ከሰዓት ከሰዓት ራሴን ይፈልጠኛል» አለ። «ወተት እጠጣበታለሁ። ግን እሱም አልያዘልኝም። እስቲ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለራስ ምታቱ ምን መድኃኒት ይሻለኛል?»

ምን ልበለው? ጓንት አድርግ አልኩት፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ፣ ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ መርዝ ብለህ ጻፍበት አልኩት። «መርዝ ብዬ ጽፌ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህም አናደደኝ። የምጮህበት ሰው ፈልጌ ሄጄ፣ ከአባቴ ቀጥሎ የሚታመመውን ሰው አግኝቼ ተመለስኩ። በዚያ ሳምንት የአይጥ መድኃኒት የጠየቀችኝን ሴትዮ «መርዝ በይው!» ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ደንግጣ ወጣች። ምን በደለችኝ?

አንድ ነገር በትክክል አውቃለሁ። አፍንጫው ከጠፋ በኋላ ነው ከሻጩ የተጣላሁት፤ አፍንጫው ከጠፋ ደግሞ በሽታው ቀድሞ ሳይገባ አልቀረም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት እኔ አላሳመምኩትም። ይህን ሂሳብ ስንቴ ሠርቼዋለሁ፤ ስንቴም ትክክል ነው። ግን ሂሳቡ ትክክል መሆኑ አላሳረፈኝም። ጠርሙሱን አሽትቼው ቢሆን ኖሮ የሚሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያ ከታወቀ የማይሸተው አባቴ እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ ያ ከገባኝ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ቤት እንሄድ ነበር። ሁለት ዓመት አራት ክዳን ባልተረጨ ነበር። ያ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደጎዳው ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል።

እናቴን አስጠንቅቄያት ነበር። ጠርሙሱን አትንኩት፣ የምጥልበት ቦታ እስካገኝ ድረስ እዚያው ይቀመጥ አልኳት። እሺ አለች። ወንዝ ውስጥ መድፋት አልቻልኩም፣ ከታች ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ብጥለው ፕላስቲክ የሚለቅሙት ሰዎች ከፍተው ውሃ ይይዙበታል። ወረዳ ሄጄ ጠየቅኩ፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ መራኝ፣ ሌላው ቢሮ «መድኃኒት ከሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቂ» አለኝ። መድኃኒት ከሆነ! ጤና ጣቢያው ደግሞ የሰው ብቻ ነው አለኝ። በራሴ ቃል መለሱኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከዓመት በፊት ከገባሁበት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሜ ተነስቼ ጠዋት ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። የግቢውን በር ስከፍት አባቴ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ በግራው ያሳያል። «ከሥር፣ ከቅጠሉ ሥር» ይላል። እናቴ ቢጫውን ፓምፕ አዝላለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ትረጫለች። ቀሚሷ ከጀርባዋ እስከ ዳሌዋ ረጥቧል።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ዞር አለች። ምንም አላፈረችም። «ምነው? ሐኪሙ እሱን ነው የከለከለው» አለች። «እኔን መቼ ከለከለኝ?»

የማደርገውን አላውቅም፣ ፓምፑን ከጀርባዋ ስጎትተው ማሰሪያው አንገቷን ላጣት። «አውልቂው! ልብስሽን አውልቂ! ሁለታችሁንም እንድቀብራችሁ ነው እንዴ የምትፈልጉት?» እያልኩ ስጮህ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። እናቴ «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» ትላለች። እኔ ሰው እንዲሰማ ነበር የፈለግኩት።

አባቴ ከወንበሩ ላይ አንድ ነገር አለ። አልተሰማኝም። «ምን አልክ?» አልኩት፣ እንደማይወድ እያወቅኩ።

«ካልተረጨ ይሞታል እኮ» አለ።

«ይሙት!» አልኩ።

እናቴ አፏን ያዘች። አባቴ አየኝ። ፊቱ ከታመመ ወዲህ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሲከፋው አይታይበትም፣ ሲደሰትም አይታይበትም። ዓይኑ ግን ያው የድሮው ዓይኑ ነው። ይሙት ያልኩት ማንን እንደሆነ ከእኔ አፍ ለመስማት የሚጠብቅ መሰለኝ። አበባውን ነው ማለት ነበረብኝ።

ፓምፑን መሬት ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተንበረከክኩ። እሱም ቆሞ ያየውን፣ እኔ ግን አንስቼ የማላውቀውን ነገር ነገርኩት። ያን ቀን ገበያ ሻጩ ጠርሙሱን ከፍቶ አሽትቺው እንዳለኝ፣ እኔ እጁን ገፍቼ እንዳላሸተትኩት፣ ውሃ እንዳልነበረ፣ ጠንካራውን በእኔ ጩኸት እንደሰጠው፣ አራቱ ክዳን የእኔ እንደሆነ። እያለቀስኩ ሳይሆን እየተናደድኩ ነው የተናገርኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። በዚያ በድሮው ድምፁ፣ ማሽኑ ሲበላሽ በሚጮህበት ድምፅ እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

አባቴ እናቴን «ሂጂ ታጠቢ፣ በሳሙና» አላት፤ እሷም ገባች። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ያን ቀን እኮ» አለኝ፣ «ቤት እንኳ ሳልገባ ነው ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁት። ልጄ በሰው ፊት ተሟገተችልኝ ብዬ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።»

ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።